ሞተር፣ ጥርስና ፍሬን፦ ለአገራችን ማሽኖች የእንቅስቃሴ ክፍሎችን ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለዚህ መጽሔት ተስተካክሎ የቀረበ)




የዝግጅት ኮሚቴው ለኢንዱስትሪ ማሽኖችና ለአውቶማቲክ መሣሪያዎች የሚያገለግሉ የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ክፍሎች እንዴት እንደሚመረጡ እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት የሞተር፣ የጊርቦክስና የኢንቨርተር ዓይነቶችን በሰንጠረዥ ደርድሬ ማቅረብ ነበር። ይሁን እንጂ ሰንጠረዡ በየአምራቹ ካታሎግ ውስጥ ይገኛል፤ ካታሎግ ማንበብም በዚህ አዳራሽ ለተሰበሰበ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ካታሎጉ የማይነግረን ግን አለ። ማሽኑ በምን ያህል ከፍታ ላይ፣ በምን ዓይነት መስመር፣ በማን እጅ እንደሚሠራ፣ ሲበላሽም ማን እንደሚጠግነው አይነግረንም። ስለዚህ ብዙ ማሽኖችን በጥቂት በጥቂቱ ከመቃኘት ይልቅ፣ አንድ ማሽን ይዤ አንድ ቦታ ላይ መቆምን መርጫለሁ። ማሽኑ የቆጮ መጭመቂያ ነው፤ ቦታውም በጉራጌ አገር የሚገኘው አታት ነው።

አታት ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ፣ ይበልጡንም ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡን ሲያገለግል በኖረው ሆስፒታሉ የሚታወቅ ቦታ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። በአካባቢው እንሰት ያልከበበው ቤት ማግኘት ያስቸግራል። እንሰትን መትከሉና መንከባከቡ በአብዛኛው የወንዱ ድርሻ ሲሆን፣ መፋቁ፣ መጭመቁና ማብላላቱ ግን በሴቶች ጫንቃ ላይ የወደቀ ሥራ ነው። እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የእንሰቱን ግንድ ልጥ በተዘነበለ ሳንቃ ላይ በእግራቸው አጥብቀው ይዘው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ሲፍቁ ይውላሉ። ከዚያም የተፋቀውን እየጨመቁ ቡላውን ያጠልላሉ፤ የቀረውን ቀብረው ያብላላሉ። ይህን ድካም ለማቃለል የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የተለያዩ ተቋማት የመፋቂያና የመጭመቂያ መሣሪያዎችን ሠርተው አሳይተዋል። በእንሰት ላይ ኑሮውን የመሠረተው ሕዝብ በአገር አቀፍ ደረጃ እስከ 20 ሚሊዮን እንደሚደርስ ስናስታውስ፣ ነገሩ የአንድ መንደር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሁለት ባልደረቦቼ የራሳችንን መጭመቂያ ሠርተን ነበር። ወጣቶች ነበርን፤ ያወቅነውን ሁሉ በአንድ ማሽን ላይ ለማሳየትም ቸኩለናል። ሰርቮ ሞተር፣ በኳስ የሚንሸራተት ቪቴ፣ ፒኤልሲና ባለ ቀለም መስኮት ገጠምንለት። በዎርክሾፕ ውስጥ ያለ እንከን ሠራ። ከዚያም አታት አጠገብ ወደሚገኝ ግቢ ወስደን ተከልነው። ሦስት ጊዜ ጨመቀ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ለአራተኛው ዙር የመጭመቂያው ሳህን ወደ ላይ ተነሥቶ፣ አንዲት እናት የተፋቀውን እንሰት በሁለት እጃቸው ሲያስገቡ መብራት ሄደ። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሳህን አፍታ ሳይቆይ በራሱ ክብደት መውረድ ጀመረ። ሴትዮዋ እጃቸውን ነጠቅ ባያደርጉ ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር ለማድረግ ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር። ከድንጋጤያቸው ጥቂት ሲረጋጉ ሳህኑን አየት አድርገው፣ «ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ይህን የሚይዘው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ» ከማለት በቀር ምንም ሳልናገር ማሽኑን ፈትተን ጭነን ተመለስን።

ዛሬ የማቀርብላችሁ አምስት ጥያቄዎች ከዚያ ጥያቄ የተወለዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ጭነቱ ምን ያህል ነው?

ብዙ ጊዜ ሞተር የሚመረጠው ሌላ ማሽን ላይ የታየውን በመቅዳት፣ ወይም «ተለቅ ይበል፣ አይጎዳም» በሚል ነው። ሆኖም ሒሳቡ ከአንድ ገጽ አያልፍም። የመጭመቂያችን ሳህን ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የምንፈልገው ግፊት 2 ባር ቢሆን፣ ሳህኑ የሚገፋበት ጉልበት 18,000 ኒውተን ይሆናል። ይህም 1.8 ቶን ያህል ክብደት ማለት ነው። ቁጥሩ ያስፈራል። ነገር ግን ሳህኑ የሚጓዘው በሴኮንድ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጉልበት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው ኃይል 90 ዋት ነው፤ አንድ አሮጌ አምፖል ከሚበላው ያነሰ! ለዚህ ሥራ የሚውለው የተራ ጥርስ ቪቴ፣ ዲያሜትሩ 40፣ እርምጃው 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከሚሰጠው ኃይል 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ወደ ጠቃሚ ሥራ ይለውጣል፤ ስለዚህ 300 ዋት ያስፈልገዋል። ጊርቦክሱም 70 በመቶውን ቢያሳልፍ፣ ከሞተሩ የሚጠበቀው 430 ዋት ገደማ ነው። በደቂቃ 1,400 ዙር የሚዞር ሞተር በ30 ለ1 ጊርቦክስ ሲቀነስ፣ ቪቴው በደቂቃ ወደ 47 ዙር፣ ሳህኑም በሴኮንድ 5.4 ሚሊ ሜትር ይጓዛል።

እንግዲህ 0.55 ኪሎ ዋት ይበቃል ወይስ 0.75? እዚህ ላይ የመስመሩን ጠባይ ማስታወስ ይገባል። የኢንዳክሽን ሞተር ከፍተኛ የማዞር ጉልበት የሚለዋወጠው በቮልቴጁ ካሬ ነው። 380 ቮልት የሚጠበቅበት መስመር ወደ 340 ቢወርድ፣ ቮልቴጁ የቀነሰው በ10 በመቶ ገደማ ሲሆን ጉልበቱ ግን በ20 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ 0.75 ኪሎ ዋት መረጥን። 4 ኪሎ ዋት የተገጠመለት ተመሳሳይ መጭመቂያ አይቻለሁ፤ ትርፉ ሞተር የሚጨምረው ነገር ቢኖር የመስመሩን ጭነትና አንድ ነገር ሲቀረቀር የሚሰበረውን ብረት ብዛት ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል?

ይህ የሴትዮዋ ጥያቄ ነው። በኳስ የሚንሸራተተው ቪቴ ወደ 90 በመቶ የሚደርስ ብቃት አለው፤ ለትምህርት ቤት ፈተና ቢሆን የተሻለው መልስ እርሱ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ሳህኑን በቀላሉ እንደሚያንቀሳቅስ ሁሉ፣ ሳህኑም ሞተሩን በቀላሉ ያንቀሳቅሰዋል። ኃይል ሲቋረጥ የሚይዘው የለም። ብቃቱ ከ50 በመቶ በታች የሆነ ተራ ቪቴ ግን በሰበቃው ምክንያት ራሱን ይቆልፋል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ሊያዞረው አይችልም። በአታት የተሳሳትነው በዚህ ነበር፤ እንደ ጉድለት የቆጠርነው ሰበቃ ለካ የሰው እጅ ጠባቂ ኖሯል። ይህም ቢሆን በሰበቃ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ንዝረትና ቅባት ሰበቃን ይቀንሱታልና። ስለዚህ በሞተሩ ጀርባ በስፕሪንግ የሚይዝና ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚለቅ ፍሬን መጨመር ግዴታ ነው። ኃይል ሲያገኝ የሚይዝ፣ ሲያጣ የሚለቅ ፍሬን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አይሆንም፤ ገዢው ሁለቱን ለይቶ ማዘዝ አለበት።

በዚሁ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ሳህኑ እንዲወርድ ሠራተኛዋ ሁለት ቁልፎችን በሁለት እጆቿ በአንድ ጊዜ መጫን ይኖርባታል፤ ሁለቱም እጆች ቁልፍ ላይ ካሉ ሳህኑ ሥር አይገኙም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውም ቁልፍ በፒኤልሲው ፕሮግራም በኩል ብቻ የሚያልፍ ሳይሆን፣ የሞተሩን ኃይል በቀጥታ በሽቦ የሚቆርጥ መሆን አለበት። ፕሮግራም ሊሳሳት ይችላል። እጅ ግን መለዋወጫ የለውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ምን ያህል ትክክለኛነት ያስፈልጋል?

ሰርቮ ሞተር የሚገዛው ትክክለኛ ስፍራና ፈጣን ምላሽ ሲያስፈልግ ነው። ለምሳሌ በደቂቃ 60 ከረጢት የሚያሽግ ማሽን፣ ጽሑፍ የታተመበትን ፕላስቲክ በግማሽ ሴኮንድ 20 ሳንቲ ሜትር ስቦ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ስሕተት አቁሞ መቁረጥ አለበት፤ ያለዚያ የምርቱ ስም ለሁለት ይሰነጠቃል። ይህን ኮንታክተርና ተራ ሞተር አይሠሩትም። እዚያ ሰርቮ ቅንጦት አይደለም። ስቴፐር ሞተርም ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ ለቀላል ጭነት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ኤንኮደር ካልተገጠመለት፣ ጭነቱ ሲከብደው እርምጃ ዘልሎ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ኤንኮደርም ቢሆን ዓይነቱ ይለያያል፦ ለውጥን ብቻ የሚቆጥረው መብራት በሄደ ቁጥር ያለበትን ስፍራ ይረሳልና ማሽኑ ሲነሣ ወደ መነሻው ተመልሶ መቁጠር ይጀምራል፤ ፍጹም ስፍራን የሚያነበው አይረሳም፤ ሆኖም ከእነዚህ አንዳንዶቹ ትውስታቸው በባትሪ የሚጠበቅ ስለሆነ ባትሪው በመጋዘን ውስጥ እንዳያልቅ መጠንቀቅ ይገባል።

ለመጭመቂያችንስ? ቆጮ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢያልፈው ወይም ቢጎድለው የሚያመጣው ነገር የለም። ሳህኑ በዝግታ ስለሚጓዝ፣ ኃይሉ ተቋርጦ በግማሽ ሴኮንድ ቢቆም እንኳ የሚጨምረው ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። መቆም ያለበት በስፍራ ሳይሆን በግፊት ነውና፣ ከቪቴው ጫፍ ጠንካራ ስፕሪንግ አስገብተን፣ ስፕሪንጉ በተወሰነ መጠን ሲታመቅ ሊሚት ስዊች እንዲነካ አደረግን። ሰርቮው፣ ኤንኮደሩና ባለ ቀለሙ መስኮት በአንድ ስፕሪንግና በአንድ ሊሚት ስዊች ተተኩ።

አራተኛው ጥያቄ፦ ማሽኑ የሚሠራው የት ነው?

ለሞተሮች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ማለትም አይኢሲ 60034-1፣ ሞተሩ የሚሠራው ከ1,000 ሜትር ባልበለጠ ከፍታና ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባልበለጠ ሙቀት ነው ብሎ ይነሣል። ወልቂጤ፣ ቡታጅራ፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን የመውሰድ ችሎታው ይቀንሳል። የደጋችን አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ለሞተሩ በከፊል ይክሰዋል፤ ነገር ግን በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው ኢንቨርተር ይህ ዕድል ብዙም የለውም። ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ከኢንቨርተሩ አቅም 1 በመቶ እንዲቀነስ ያዛሉ። በአታት 10 በመቶ ገደማ ይቀነሳል ማለት ነው። በደረጃ አንድ ከፍ ያለ ኢንቨርተር መግዛት ተቃጥሎ ሌላ ከመግዛት ይረክሳል። የሳንባ ያህል አየር ለሚጠይቁ መሣሪያዎችም ይኸው ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ኮምፕሬሰር በየዙሩ የሚስበው አየር በክብደት በአንድ አምስተኛ ያንሳል፤ በቫኪዩም የሚያነሣ እጅም የማንሳት ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ አገር የተሠላ ማሽን እዚህ መጥቶ ሲደክም «ሰነፍ ነው» ብለን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ሌላው የመስመሩ ዓይነት ነው። በገጠር ግቢ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነጠላ ፌዝ ነው። ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት ተቀብሎ ሦስት ፌዝ የሚሰጥ አነስተኛ ኢንቨርተር ይህን ችግር ይፈታል፤ ሲነሣም ሞተሩን ቀስ ብሎ ስለሚያስነሣ፣ በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚደርሰውን ኩረንት ከጎረቤት አምፖል ላይ አይሻማም። ነገር ግን ከዚህ ኢንቨርተር የሚወጣው ሦስት ፌዝ 220 ቮልት እንጂ 380 አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ 220/380 ተብሎ ከተጻፈ፣ ሽቦው በዴልታ መታሰር አለበት። በልማድ በስታር ከታሰረ የሞተሩ ጉልበት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። «ሞተሩ አይችልም» ተብለው የተጣሉ፣ እኔ ራሴ የአሥር ደቂቃ ሥራ ሠርቼ ያስነሣኋቸው ሞተሮች ጥቂት አይደሉም።

የእንሰትም ጠባይ የራሱ ነው። ጭማቂው ሁልጊዜ ያርሳል፤ የተብላላው ደግሞ አሲዳማ ነው፤ ረጅሙ ቃጫ የሚዞር አልቤሮ ሲያገኝ ይጠመጠምበታል። ስለዚህ ምግቡን የሚነካው ሁሉ የማይዝግ ብረት መሆን፣ ኩሽኔታዎቹም ከመጭመቂያው ክፍል ውጭ መቀመጥ፣ ሊሚት ስዊቹና ሞተሩ ውኃ የማያስገቡ መሆን አለባቸው። የቪቴው ቅባት ደግሞ ምናልባት ቢንጠባጠብ ምግብ የማይመርዝ ዓይነት ይሁን።

አምስተኛው ጥያቄ፦ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

አንድ የማሸጊያ ማሽን አንድ የሰርቮ መቆጣጠሪያ ተቃጥሎበት ለወራት ቆሞ ያየሁበት ፋብሪካ አለ። አምራቹ ያንን ዓይነት መሥራት አቁሟል። የተተካው አዲሱ ዓይነት ከአሮጌው ፒኤልሲ ጋር አይነጋገርም። የፒኤልሲው ፕሮግራም ደግሞ በምሥጢር ቁጥር የተቆለፈ ነው፤ ቁጥሩን የሚያውቀው ባሕር ማዶ የሚኖር ሻጭ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ የእያንዳንዱ መለዋወጫ የብር ዋጋ በብዙ ጨምሯል። ስለዚህ ማሽን ስንገዛ የፕሮግራሙን ቅጂ፣ የመቆጣጠሪያውን ልኬቶች ዝርዝርና የምሥጢር ቁጥሩን በውሉ ውስጥ አስገብተን መቀበል አለብን። እነዚህ ካልተሰጡን ማሽኑን ገዛን ማለት አይቻልም፤ የገዛነው በተውሶ የመጠቀም መብትን ነው።

በአንጻሩ ተራ የኢንዳክሽን ሞተር ሽቦው ቢቃጠል ወልቂጤም ሆነ መርካቶ ወስደን በቀናት ውስጥ አስጠቅልለን እንመልሰዋለን። የቪቴው የነሐስ ዳዶ ሲያልቅ ማንኛውም ቶርኖ ያለው ባለሙያ ያወጣዋል። ቺንጋና ካቴና በየገበያው ይገኛል። ይህን ስል አዲስ ዕውቀትን እየተቃወምኩ አይደለም፤ ለሚገባው ቦታ እንስጠው እንጂ።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመለዋወጫ ችግራችን ከምንዛሪ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከራሳችን ዝንጉርጉር ምርጫም የመጣ ነው። ደረጃዎች የተፈጠሩት ይህን ለማስቀረት ነው። 6205 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ በየትኛውም አገር ቢሠራ የውስጥ ዲያሜትሩ 25፣ የውጭው 52፣ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። 0.75 ኪሎ ዋት ባለ አራት ፖል ሞተር በአይኢሲ የ80 ልክ ቢታዘዝ፣ ጃፓንም ቢሠራው ጣሊያንም ቢሠራው አልቤሮው 19 ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዳችን በየዎርክሾፓችን ለሚወጡ አነስተኛ ማሽኖች፣ ለመፋቂያው፣ ለመጭመቂያው፣ ለመውቂያው፣ ለመፍጫው፣ ጥቂት የሞተር ልኮችን፣ ጥቂት የኩሽኔታ ቁጥሮችን፣ አንድ የቪቴ ልክና አንድ የፍሬን ዓይነት ብንስማማ፣ ነጋዴው በድፍረት ያስመጣል፣ ጠጋኙም በእጁ ያስቀምጣል። ማኅበራችን ይህን አጭር ዝርዝር አዘጋጅቶ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ላይ እንዲያወጣ፣ በየሁለት ዓመቱም እንዲያድሰው እጠይቃለሁ። እኔም በሥራው ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነኝ። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ፣ ገንዘብ አዋጥቶ መንገዱን እንዳስከፈተ የምናውቅ ሁሉ፣ ለአንድ ዝርዝር መስማማት እንዴት ያቅተናል?

የመጭመቂያውን ፍጻሜ ተናግሬ ላብቃ። ከወራት በኋላ አዲሱን ማሽን ይዘን ወደዚያው ግቢ ተመለስን። ተራ ቪቴ፣ የ0.75 ኪሎ ዋት ሞተር፣ ባለ ስፕሪንግ ፍሬን፣ ሁለት ቁልፍ፤ ዋጋውም ከፊተኛው ግማሽ ያህል አልደረሰም። ሴትዮዋ ቀርበው ማሽኑን አዩት እንጂ አልነኩትም። መብራት እስኪሄድ አልጠበቅንም፤ ሳህኑ ወደ ላይ ተነሥቶ ሳለ እኔው ሄጄ ዋናውን ማብሪያ አወረድኩት። ሳህኑ ካለበት አልተነቃነቀም። እርሳቸው ግን በዚህ ብቻ አልረኩም፤ አንድ የእንሰት ግንድ ልጥ አንሥተው ሳህኑ ሥር አኖሩና ጥቂት ቆይተው ሳይነካ አወጡት። ከዚያ በኋላ ነው እጃቸውን ያስገቡት።

ካታሎግ በከፈትን ቁጥር ያ ፈተና በዓይነ ኅሊናችን ይታየን። የመረጥነው ክፍል ትክክለኛ መሆኑን የሚመሰክረው የሻጩ ወረቀት ሳይሆን፣ መብራት በሌለበት ሰዓት እጁን ሳህኑ ሥር የሚያስገባው ሰው ነው።